ከወቀራ በኋላ ያለው ተራ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ገብስ ያበቅላል፣ ገብስ አይበላም።

አትሳቂ ትርንጎ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። ይህ ጆሮዬ ድሮ ያለቀ ቢሆንም ከንፈር ማንበብ አያቅተኝም። «አባባ፣ እባክዎ ለሰው አይንገሩብኝ፤ ብቻዬን ብጠነቀቅ አይበቃም ወይ?» ነው ያልሽው። ባለቤቴ የላከችልሽን ድፎ ዳቦ ከክፍልሽ ጀርባ ለዶሮዎቹ ስትፈረፍሪ ባላገኝሽ ኖሮ ይህንንም አትነግሪኝም ነበር። ዓመት ሙሉ ግቢያችን ተከራይተሽ ስትኖሪ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ፊትሽ ገርጥቶ፣ ሆድሽን በእጅሽ ይዘሽ ስናይሽ «ያገሩ አየር አልተስማማትም» እያልን ከረምን። አሁን ሐኪሙ ሴሊያክ ነው ብሎሻል፤ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልክሽን እንዳትቀምሺ ብሎሻል። ለጥያቄሽ በአንድ ቃል መልስ መስጠት እችላለሁ፤ ግን በአንድ ቃል የሰጡት መልስ በማግስቱ ይረሳል። ተቀመጪና ስሚ።

ይህ ገበሬ የሚኖረው ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ነው። እዚያ ጤፍ አይበቅልም። ሰው የሚበላውም የሚጠጣውም ገብስ ነው። እንጀራው የገብስ፣ ዳቦው የገብስ፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ ጠላው ሁሉ የገብስ። እንግዳ ሲመጣ በገብስ ይቀበሉታል፤ ሲሄድም በሶ ቋጥረው ይሸኙታል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ሐኪም «ገብስ አትብላ» ያለው።

ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት ዓመት ታሟል። ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ላይ እየረገፈ ሄደ። የወስፋት መድኃኒት ዋጠ፣ የአሜባ ዋጠ፣ ጠበልም ተጠመቀ። በመጨረሻ ትልቅ ከተማ ወርዶ በአፉ ቱቦ አስገብተው አንጀቱን አዩለት። «መድኃኒቱ አለመብላት ነው» አለው ሐኪሙ። «ስንዴም ገብስም። የጣትህን ጫፍ የምታህል ዱቄት እንኳ ትጎዳሃለች።» ገበሬው ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ከእጀ ጠባቡ ስር ደብቆ አገሩ ተመለሰ።

ለሚስቱ ብቻ ነገራት። ከነገራት በኋላም በልጃቸው ስም አስማላት፤ ለማንም እንዳትተነፍስ። ምክንያቱ ይገባኛል። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ለማጨት የመጡ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ነበሩ። «በሽታው የዘር ነው» የሚል አንድ አፍ ቢገኝ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ይመለሳሉ። ደግሞም ኩሩ ነው። በደጋ ሰው መሀል ገብስ የማይችል ሆድ ይዞ መገኘት፣ ለእሱ ሱሪ ሳይታጠቁ ገበያ መሀል የመቆም ያህል ነበር። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት ለሚስቱ። ዝንቡስ አልገባም። ሌላ ነገር ነው የገባው።

ታዲያ ሰው ቤት ሲጋበዝ ምን ይበል? ደጋ ቤት ገብተሽ «አልበላም» ካልሽ ወይ ተጣልተሻል፣ ወይ መድኃኒት ያደርጉብኛል ብለሽ ጠርጥረሻል። እሱ ግን መላ አበጀ፤ «ስለት አለብኝ» አለ። «ከዚህ በሽታ እስክድን ገብስና ስንዴ አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ።» ስለት ደግሞ የተከበረ ነገር ነው፤ ማንም አይነካውም። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ይፍታህ» አሉት። ለእሱ ድንች ቀቀሉለት። ገበሬው በልቡ በብልሃቱ ተደሰተ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ውሸት ሲሠራ እንደ ማር ይጥማል፤ እስኪመር ድረስ።

ሚስቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ባቄላ ተሸክማ ግማሽ ቀን ቁልቁል እየወረደች፣ ወይና ደጋው ገበያ ላይ በጤፍ ለውጣ ትመለሳለች። ለእሱ የሚቦካበትን ዕቃ ለየች፣ ማሰሻውን ለየች፣ መሶቡን ሳይቀር ለየች። በቤቷ ውስጥ አንዲት የገብስ ቅንጣት ወደ እሱ ምግብ አልፋ አታውቅም። ሆኖም ሰውየው አልዳነም። ወር አለፈ፣ መንፈቅ አለፈ፣ ዓመት ሞላ። አሁንም ሆዱ ይነፋል፤ አሁንም ሲነሳ ጉልበቱ ይክደዋል።

ነገሩ ያለው ወፍጮው ጋ ነበር። በመንደሩ አንድ የሞተር ወፍጮ ብቻ ነው ያለው። ባለወፍጮው ሥራ የሚያውቅ፣ አመል የማያውቅ ሰው ነበር። ከሞተሩ ጋር ሲጯጯህ ስለሚውል ሞተሩ ጠፍቶም ይጮሃል። ቀኑን ሙሉ ገብስ ይፈጫል። በገብሱ መሀል የዚያች ሴት አንድ ቁና ጤፍ ትመጣለች፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው የገብስ ዱቄት፣ ዱቄቱ የሚወርድበት ቋት ጥግ የተጠራቀመው፣ ሁሉም ከጤፉ ጋር ተያይዞ ይወርዳል። ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ነጭ ጤፍና የገብስ ዱቄት ደግሞ አንዴ ከተቀላቀሉ በዓይን አይለዩም።

ሴትየዋ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ ጠርጥራለች። አንድ ቀን ተራዋ ሲደርስ ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ከመፍጨትዎ በፊት ድንጋዩንና ቋቱን ጠረግ ያድርጉልኝ» አለችው።

ባለወፍጮው ወፍጮ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸባት። «ያንቺ ጤፍ ከሰው እህል በምን ይበልጣል? ገብስ ቢነካው ይረክሳል? ጤፍ መብላት ስትጀምሪ እኛን ናቅሽን? ወይ አስፈጪ፣ ወይ ለሰው ተራ ልቀቂ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ምን ትበል? በልጇ ስም ምላለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አስፈጨችና ሄደች። ያንን ዱቄት ጋግራ ለባሏ አበላችው። እሱም «ይህ እንኳ ንጹሕ ነው» ብሎ በላ።

ከዚያ በኋላ ገበሬው ተስፋ ቆረጠ። «ሐኪሙም ተሳስቷል» አለ። «ሞቴ ሌላ ነው።» ኅዳር ገባ። ገብሱ ደርሶ ነጣ፤ ዛላው ጎንበስ አለ። ገበሬው ማጭዱን ይዞ ማሳው ዳር ቆመ፤ አንድ ጭብጥ አጨደና ተቀመጠ፤ ሁለተኛውን ሳያጭድ ዋለ። በዚያ ሰሞን የመጣ ዝናብ ያንን ማሳ ቢያገኘው ቤቱ ለዓመት ባዶ ነው።

ጎረቤት ግን ዓይን አለው። ደቦ ሳይጠራ ደቦ ወጣለት። በማግስቱ ጠዋት ሠላሳ ያህል ሰው ማጭዱን ይዞ ማሳው ላይ ተሰለፈ። ባለወፍጮው እንኳ ወፍጮውን ዘግቶ መጣ። እየዘፈኑ፣ እየተፎካከሩ፣ እየተሰዳደቡ አጨዱለት፤ ቀኑ አጋማሽ ላይ ከማሳው ገሚሱ ተነሳ። ሚስቱ ለአጫጆቹ የገብስ ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ይዛ ወጣች። ሁሉም ክምሩ ስር ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ጎረቤቶቹ ለብቻቸው መክረው ነበር። «ይህ ሰው እየሞተ ያለው በስለቱ ነው» ተባብለዋል። «የደጋ ሰው ገብስ ሳይበላ በምን ይጠነክራል? ስለቱ ይፈታለት።» ሄደውም የነፍስ አባቱን ለምነው አምጥተዋቸዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከክምሩ ጀርባ ብቅ ሲሉ ሰው ሁሉ ተነሳ። ገበሬውን ፊታቸው አቆሙት። ጸሎት አድርሰው፣ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፈው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከስለትህ ተፈትተሃል፤ በምትኩ አርባ ስገድ» አሉት። ከዚያም ዳቦውን ባርከው ቆረሱና በእጃቸው ወደ አፉ አቀረቡለት።

ሴቶቹ እልል አሉ። እስቲ አስቢው ትርንጎ። ጎረቤቶቹ እንጀራውን ለማዳን ላባቸውን እያፈሰሱ ውለዋል። የነፍስ አባቱ እጅ አፉ ላይ ነው። በፍቅር ነው የመጡት፤ አንድ እንኳ ክፉ የሚመኝለት የለም። የሚያጎርሱት ግን የሚገድለውን ነው። ደግሞስ የሸሸገው ውሸት ተፈታለት፤ ከእንግዲህ በምን ይሸሸጋል?

ሚስቱ የጠላውን ማድጋ እንዳቀፈች ደርቃ ቆማለች። ገበሬው አያት። ከዚያ የቄሱን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ አደረገው።

«አባቴ፣ አልበላም» አለ። «ስለት የለብኝም። ዋሽቼ ነው። ሐኪም አይቶኛል፤ አንጀቴ ገብስና ስንዴ አይችልም፤ ስበላው ውስጤን ይልጠዋል። ዕድሜ ልኬን አልበላውም። ልጄ ትዳር እንዳታጣ፣ እናንተም እንዳትንቁኝ ብዬ ዓመት ሙሉ ዋሸኋችሁ። ከእንግዲህ አልዋሽም፤ አልበላምም።»

አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ብሎ አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት «ጤፍ ለመብላት ያልሰበቡት ሰበብ የለም» አለች። ቄሱ ግን ቁራሹን መሶብ ውስጥ መለሱና፣ «ለዋሸኸው ቀኖና አለብህ፤ አርባውን ስግደት ትሰግዳለህ» አሉት። «ሆድህ ግን ቀኖና የለበትም። በግድ የሚያጎርስህ ካለ ወደ እኔ ላከው።»

ያን ጊዜ ሚስቲቱ ማድጋውን መሬት ላይ አኖረችው። መሐላዋ ተፈትቷል። በሠላሳ ሰው ፊት ጣቷን ባለወፍጮው ላይ ቀሰረች። «እህሉን እኔ አጥርቼ ወስጄ ነበር!» አለች። «ጠረግ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንኩዎ። የሰደቡኝን ስድብ ልርሳው፤ ግን ያ ገብስ ያለበት ዱቄት ባሌን እየገደለብኝ ነው!»

ባለወፍጮው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም» አለ። እሷም «አፌ ታስሮ ነበር» አለች።

አሁን ደግሞ የወፍጮን ነገር ልንገርሽ፤ አስተማሪ ብትሆኚም ይህን አታውቂውም። የወፍጮ ድንጋይ በጊዜ ብዛት ይለዝባል። በየሁለት ሳምንቱ የላይኛው ድንጋይ ይነሳና በመዶሻ ይወቀራል፤ ጥርስ እንዲያወጣ። በዚያ ቀን ቋቱ ይራገፋል፣ ሁሉም ነገር ይጠረጋል። ከወቀራ በኋላ መጀመሪያ የሚያስፈጭ ሰው ግን የድንጋይ ደቃቅ ያገኘዋል፤ እንጀራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ ያንን ተራ የሚፈልግ የለም። በወቀራ ቀን ሴቶቹ ሁሉ እንግዳ ይመጣባቸዋል፣ ልጅ ያማቸዋል፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። ባለወፍጮው በዚያች ተራ ሲጨቃጨቅ ነው ዕድሜው ያለቀው።

«ሐሙስ እወቅራለሁ» አላት። «ከወቀራ በኋላ ያለው ተራ ከእንግዲህ የአንቺ ነው። አንድ ጣሳ ባቄላ ይዘሽ ነይ፤ ባቄላው ቀድሞ ያልፍና ደቃቁን ጠርጎ ይወጣል፤ እሱን ለላም ስጪው። ከኋላው ጤፍሽ ይገባል። ከጤፍሽ በፊት አንድ የገብስ ቅንጣት ካለፈ ወፍጮውን በላዬ ላይ አፍርሺው።»

ይኸውልሽ። ሁሉ የሚሸሸው ተራ የዚያ ሰው መድኃኒት ሆነ። ያች ተራ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች፤ ባለቤት አጥታ። ሐኪሙ አያውቃትም፣ በሽተኛው አያውቃትም፤ የሚያውቃት ባለወፍጮው ብቻ ነው። ለባለወፍጮው ደግሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሁሉ ነገር ወዲያው ተቃና ብዬ አልዋሽሽም። ያች አሮጊት እስክትሞት ድረስ «ቅብጠት ነው» እንዳለች ነው። ሽማግሌዎቹን የላከው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ቀረ፤ ልጅቷ በዓመቱ ሌላ፣ ከእሱ የተሻለ አገባች። ገበሬው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቤት ሲገባ፣ ገና ሳይቀመጥ ይናገራል፦ «እኔ ገብስና ስንዴ አይሆነኝም፤ ድንች ካለ ድንች፣ ከሌለም እናንተን አይቼ እሄዳለሁ።» አፍሮ አይደለም የሚናገረው፤ ማሳው ውስጥ የሰው ከብት ገብቶበት እንደሚከላከል ሰው ነው የሚናገረው። ሲደጋግመው ሰዉም ለመደው። በማኅበር ቀን ለሁሉም ጠላ ሲቀዳ ለእሱ ብርዝ ስለሚቀርብለት «ምነው እኛንም ባመመን» የሚሉ ቀልደኞች ተነሱ። ሲቀልዱበት ገባው፤ ከበሽተኝነት ወጥቶ ጎረቤት ሆኗል።

በፋሲካው ሥጋው ተመለሰ። በሚቀጥለው ኅዳር ገብሱን ራሱ አጨደ። አንድ የወቀራ ቀን ደግሞ ወፍጮ ቤት መጥቶ «ዞር በሉ» አለና፣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን የላይኛውን ድንጋይ ብቻውን ገለበጠው። ባለወፍጮው ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

ማልቀሱን በምን አወቁ አትይኝም? የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። ያ ባለወፍጮ እኔ ነኝ። ይህ ጆሮዬ እዚያ ነው ያለቀው። «ያንቺ ጤፍ ከሰው እህል በምን ይበልጣል» ያልኩት በዚህ አፌ ነው። ዓመት ሙሉ ያንን ሰው በገዛ እጄ፣ ከእሱ ጋር እየተሳሳቅሁ፣ መርዙን ስፈጭለት ኖርኩ። ለጩኸቴ እኔ እጠየቅበታለሁ፤ አልክድም። ሳላውቅ ላደረስኩት ግን የእሱም ዝምታ ድርሻ አለው። ቢነግረኝ ኖሮ በመጀመሪያው ሐሙስ ያበቃ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይህ ነው፤ «ብቻዬን ብጠነቀቅ አይበቃም ወይ?» አይበቃም ልጄ። ያች ሴት ከአንቺ የበለጠ ተጠንቅቃ ነበር፤ መሶብ ሳይቀር ለይታ ነበር። አንቺ ጤፍ ገዝተሽ የምታስፈጪበት ወፍጮ ከአንቺ በፊት ምን እንደፈጨ ታውቂያለሽ? እንጀራ የምትገዢያት ሴት ሊጧ ውስጥ ምን እንደምትጨምር ጠይቀሻታል? ሐኪሙ የማትበይውን ነገረሽ። የትኛው ቤት፣ የትኛው ድንጋይ፣ የትኛው ተራ እንደሚሆንሽ የሚያውቀው ግን እዚህ ያለው ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ለዚህ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ ልክ ነሽ፣ የሚያሙሽ አይጠፉም። ይሙሽ፤ ሐሜት አንጀት አይልጥም።

በዚህ ከተማ ያንቺው ሕመም ቤታቸው የገባ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ የልጅ እናት ናት፤ ልጇ ነው የታመመባት። ሳይፈቅዱልኝ ስማቸውን አልነግርሽም። ከፈለግሽ ግን እሑድ እዚህ አግዳሚ ላይ አስቀምጣችኋለሁ፤ የት ምን እንደሚገኝ እነሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የሰፈራችን ባለወፍጮም ሙያውን እኔ ያስተማርኩት ነው፤ የወቀራ ቀኑን ጠይቄ ተራውን አስይዝልሻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለብሽ። ትናንት የዳቦው ሰሃን ባዶውን ሲመለስ ባለቤቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «ልጅቷ ዳቦዬን ወደደችው፣ ፊቷም ገርጥቷል፣ ልጠግናት» ብላ ዛሬ ጠዋት ስንዴ ዱቄት አስመጥታለች። ይኸው ወጥ ቤት ሆና እያንጎራጎረች ነው፤ አንቺን ልታድን። እኔ ለሰው አልነግርብሽም ብያለሁና አልነግራትም። አፉ ያንቺ ነው።

ተነሺ። ዱቄቱ ላይ ውኃ ሳታፈስ ድረሺባት።